ሰር ሴሬትሴ ካማ፤ የነገድ አልጋቸውን ትተው አገር ያቆሙ መሪ

አንድ ሕዝብ ነጻነቱን ካገኘ በኋላ የሚገጥመው ፈተና ነጻነቱን ለማግኘት ካለፈበት ፈተና አያንስም። ባዕድ ገዥ የሄደ ዕለት ሁሉም ባንድነት እልል ይላል፤ በማግሥቱ ግን ማን ይምራ የሚል ጥያቄ ይነሣል። በዚህን ጊዜ ብዙ ሰው ዓይኑን ወደ አገሩ ከመጣል ይልቅ ወደ ነገዱ ይጥላል። ምርጫ ይደረግ ቢባል እያንዳንዱ የገዛ ወገኑን ብቻ ይመርጣል። ቁጥሩ የበዛው ነገድ ዘወትር ያሸንፋል፤ ቁጥሩ ያነሰው ዘወትር ይሸነፋል። ዘወትር እንደሚሸነፍ ያወቀ ሰው ደግሞ የድምፅ መስጫውን ሣጥን ትቶ ወደ ጠመንጃው መሄዱ አይቀርም። ኮንጎ በ1960 ነጻ በወጣች በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ በማዕድን የከበረው የካታንጋ ክፍለ ሀገር ተገነጠለ። ናይጄሪያም ከ1967 እስከ 1970 በቢያፍራ ጦርነት ብዙ ልጆቿን አጣች። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያው ዘመን ግን በአፍሪቃ ደቡብ የምትገኝ አንዲት በረሃማና ድኻ አገር ሌላ መንገድ ያዘች። ይህች አገር ቦትስዋና ናት። መንገዱን ከጠረጉት ሰዎች ዋነኛው ራሳቸው የነገድ አለቃ ልጅ፣ የነገድ አለቃም የልጅ ልጅ ነበሩ። ከአባታቸው የወረሱትን አልጋ ይዘው ቢቀመጡ የሚከለክላቸው የነገዳቸው ሰው አልነበረም። የሕይወታቸው ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች ትምህርት የሚሰጥ ስለሆነ ባጭሩ እንተርከዋለን።

ልደትና አስተዳደግ

ሴሬትሴ ካማ በ1921 ሴሮዌ በተባለች ከተማ ተወለዱ። አገሩ በዚያን ጊዜ ቤችዋናላንድ ይባል ነበር፤ የእንግሊዝ መንግሥትም በጥበቃ ስም ይገዛው ነበር። አያታቸው ሣልሳዊ ካማ የባማንግዋቶ ነገድ አለቃ ሲሆኑ፣ በ1895 ከባክዌናው አለቃ ከሴቤሌና ከባንግዋኬትሴው አለቃ ከቀዳማዊ ባቶዌን ጋራ ሆነው እስከ ለንደን ድረስ ተጉዘው አገራቸው ለሴሲል ሮድስ ኩባንያ ተላልፋ እንዳትሰጥ የተከራከሩ ሰው ነበሩ። ሦስት የልዩ ልዩ ነገድ አለቆች ባንድ መርከብ መሄዳቸው ለአገሩ የአንድነት የመጀመሪያ ምልክት ሆነ።

ሣልሳዊ ካማ ከልጃቸው ከሴክጎማ ጋራ ለብዙ ዘመን ተጣልተው ኖረዋል። አባትና ልጅ የታረቁት ሴሬትሴ ከመወለዳቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ነበር። ሕፃኑ ሲወለድም ስለ ዕርቁ መታሰቢያ ሴሬትሴ የሚል ስም ወጣለት፤ ትርጓሜውም የተለያየውን የሚያጣብቅ ጭቃ ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚለው የአገራችን ብሂል በእኚህ ሰው ላይ የደረሰ ይመስላል።

አባታቸው ዳግማዊ ሴክጎማ በ1925 ሲሞቱ ሴሬትሴ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ስለዚህ አጎታቸው ቼኬዲ ካማ ትምህርታቸውን አቋርጠው መጡና ሕፃኑ ለአካለ መጠን እስኪደርስ ድረስ በሞግዚትነት ነገዱን ያስተዳድሩ ጀመር። ቼኬዲ ብርቱና ሥርዓት አክባሪ ሰው ነበሩ፤ የወንድማቸውንም ልጅ እንደ ገዛ ልጃቸው አድርገው አሳደጉ። ሴሬትሴ በደቡብ አፍሪቃ በሚገኙት በታይገር ክሉፍና በላቭዴል ትምህርት ቤቶች ከተማሩ በኋላ በ1944 ከፎርት ሄር ኮሌጅ ተመረቁ። በ1945 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በኦክስፎርድ ጥቂት ጊዜ ተማሩ፤ ከዚያም ወደ ለንደን ሄደው የጥብቅና ትምህርት ያዙ።

ጋብቻውና የሴሮዌ ሸንጎ

በ1947 ሴሬትሴ በለንደን ሩት ዊልያምስ ከምትባል የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ጋራ ተዋወቁ። እርስዋ ነጭ፣ እርሳቸው ጥቁር ነበሩ። በቤተ ክርስቲያን ለመጋባት ቢጠይቁ ስለ ተከለከሉ በመስከረም ወር 1948 በመንግሥት መዝገብ ቤት ተፈራርመው ተጋቡ።

ይህ ወሬ በሴሮዌ ሲሰማ አጎታቸው ቼኬዲ እጅግ ተቈጡ። ቍጣቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በነገዱ ልማድ የአለቃ ሚስት የሕዝቡ እናት ስለሆነች ያለ ሕዝቡ ፈቃድ አትመረጥም። ስለዚህ ነገሩ ለሸንጎ ቀረበ። ሸንጎው በአገሩ ቋንቋ ክጎትላ ይባላል፤ በአገራችን በዋርካ ጥላ ሥር ሽማግሎች ተሰብስበው እንደሚመክሩት ያለ ነው። ማንኛውም ጐልማሳ ወንድ ተነሥቶ ሐሳቡን ይናገራል፤ አለቃው ግን የሁሉን ቃል ሰምቶ በመጨረሻ ይናገራል። አለቃ አለቃ የሚሆነው በሕዝቡ ነው የሚል አሮጌ ብሂልም አላቸው።

በኅዳር 1948 በተደረገው የመጀመሪያው ሸንጎ አብዛኛው ሰው ጋብቻውን ተቃወመ። በታኅሣሥ ሁለተኛ ጉባኤ ተደረገ። በሰኔ 1949 ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰበሰቡ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሴሬትሴ በሺህ ከሚቈጠረው ሕዝብ ፊት ቆመው የማይቀበሏቸው ሰዎች እንዲነሡ ጠየቁ፤ አርባ ያህል ሽማግሎች ብቻ ተነሡ። የሚቀበሏቸው እንዲነሡ ሲጠይቁ ግን ሕዝቡ በሙሉ በታላቅ ድምፅ ብድግ አለ። ባማንግዋቶዎች በሰባት ወር ውስጥ ሐሳባቸውን ያለ ጦርና ያለ ጋሻ በምክር ለወጡ። ቼኬዲም ተከታዮቻቸውን ይዘው ወደ ባክዌና አገር ተሰደዱ።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ብዙዎች ዴሞክራሲ ከአውሮፓ በመርከብ ተጭኖ የመጣ ዕቃ ይመስላቸዋል። የሴሮዌ ሸንጎ ግን ሰውን አስቀምጦ የማከራከር ልማድ በአፍሪቃም እንደነበረ ያስረዳል። ሆኖም ያ ሸንጎ ጉድለት ነበረበት፤ ሴቶች አይናገሩበትም፣ ከሌላ ነገድ የመጣም ሰው እኩል ድምፅ አልነበረውም። ስለዚህ የኋላው ሥራ ሸንጎውን ማፍረስ ሳይሆን በሩን ማስፋት ነበር።

ስደት

ሕዝቡ ፈቀደ፤ ኃያላን ግን አልፈቀዱም። በ1948 በደቡብ አፍሪቃ ሥልጣን የያዘው የዘር መለያየት መንግሥት በ1949 የጥቁርና የነጭን ጋብቻ በሕግ ከለከለ። ከድንበሩ ማዶ የጥቁር አለቃ ነጭ ሚስት ይዞ ሲገዛ ለማየትም አልወደደም። የእንግሊዝ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ድኻ ሆኖ ስለነበር የደቡብ አፍሪቃን ወርቅና ዩራኒየም ይፈልግ ነበር። ስለዚህ አንድ አጣሪ ኮሚሲዮን አቆመ። ኮሚሲዮኑ ሴሬትሴ ለአለቅነት ብቁ መሆናቸውን ቢመሰክርም፣ ጋብቻቸው ጎረቤቶችን ስለሚያስቈጣ አልጋው እንዳይሰጣቸው አሳሰበ። ይህ ጽሑፍ ለብዙ ዓመታት ተደብቆ ኖረ።

በ1950 ሴሬትሴን ለምክር ብለው ወደ ለንደን ጠሯቸው፤ ከዚያም አምስት ዓመት ወደ አገራቸው እንዳይመለሱ አገዷቸው። በ1952 ሌላ የእንግሊዝ መንግሥት እገዳውን የዘለዓለም አደረገው። በምትኩም በጃማይካ ደሴት የመንግሥት ሥራ እንሰጥዎ ቢሏቸው አልቀበልም አሉ። ሕዝባቸውም ሌላ አለቃ ምረጥ ቢባል እንቢ አለ። በሰኔ 1952 በሴሮዌ ሁከት ተነሥቶ ሦስት ፖሊሶች ሞቱ።

እነሆ፣ የነገድ ፍቅር ሁለት ፊት እንዳለው ይህ ዘመን ያሳያል። ባማንግዋቶዎች ለአለቃቸው የነበራቸው ታማኝነት ባዕድ ገዥ ያደረገውን ግፍ እንዳይቀበሉ አበረታቸው። ነገር ግን ያው ታማኝነት ነገዱን በሴሬትሴና በቼኬዲ ወገን ለሁለት ከፈለው፤ የሰውም ሕይወት ጠፋ።

አልጋውን መተው

በ1956 ታላቅ ነገር ተደረገ። ቼኬዲ ወደ ለንደን ሄደው ከወንድማቸው ልጅ ጋራ ተገናኙና ታረቁ። ሁለቱም ለነገዱ አለቅነት ያላቸውን መብት መተዋቸውን በጽሑፍ አረጋገጡ። ሴሬትሴ በጥቅምት ወር እንደ ማንኛውም ተራ ሰው ወደ ሴሮዌ ተመለሱ። በ1958 መንታ ወንዶች ልጆች ሲወለዱላቸው አንደኛውን ቼኬዲ ብለው ሰየሙት። አጎታቸውም በ1959 ዐረፉ።

ሰው እንዲህ ያለውን ውል ሲያይ በመጀመሪያ እንደ ሽንፈት ይቈጥረዋል። በእውነቱ ግን ለሴሬትሴ የወደፊት ሥራ መንገድ የከፈተው ይህ መተው ነው። የባማንግዋቶ አለቃ እንደሆኑ ቢቀሩ ኖሮ ባንግዋኬትሴው፣ ባክጋትላው፣ ካላንጋው ሁሉ የሌላ ነገድ አለቃ ብሎ በጥርጣሬ ያያቸው ነበር። አልጋውን ስለ ተዉ ግን የሁሉ ለመሆን ቻሉ። የገዛ ነገዳቸውም በልቡ አለቃችን ማለቱን አልተወም።

ፓርቲና ምርጫ

በ1960 የቤችዋናላንድ ሕዝብ ፓርቲ የተባለው የመጀመሪያው ብርቱ የፖለቲካ ማኅበር ተቋቋመ፤ ነገር ግን መሪዎቹ ርስ በርሳቸው እየተጣሉ ተከፋፈሉ። ሴሬትሴም በ1962 ከጓደኞቻቸው ጋራ የቤችዋናላንድ ዴሞክራቲክ ፓርቲን መሠረቱ። ዋና ጸሐፊ የሆኑት ክዌት ማሲሬ የባንግዋኬትሴ ሰው፣ ገበሬና ጋዜጠኛ ነበሩ። ሁለቱ ከልዩ ልዩ ነገድ ሆነው እስከ ሞት ድረስ ሳይለያዩ አብረው ሠሩ። የፓርቲው ምልክት የመኪና ክሪክ ሆነ፤ ክሪክ ከባዱን ነገር ከመሬት የሚያነሣ መሣሪያ ስለሆነ ባላገሩ ትርጉሙን ለማወቅ አልተቸገረም።

በመጋቢት 1965 የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ተደረገ። ወንዱም ሴቱም እኩል መረጠ። ፓርቲው ከ31 ወንበሮች 28ቱን አገኘ፤ ሴሬትሴም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። አገሪቱ መስከረም 30 ቀን 1966 ቦትስዋና ተብላ ነጻ ስትወጣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው ሰር የሚል ማዕረግ ተቀበሉ።

እውነቱን ለመናገር ይህ ድል የተገኘው በፓርቲው ፕሮግራም ብቻ አይደለም። ብዙው ባማንግዋቶ ድምፁን የሰጠው ለካማ ልጅ ብሎ ነው። እንግዲህ የሴሬትሴ ፈተና በነገድ ፍቅር ያገኙትን ሥልጣን ከነገድ በላይ ለሆነ ሥራ ማዋል ነበር።

አገሪቱ በዚያን ጊዜ የነበረችበት ሁኔታ የሚያሳዝን ነው። ስፋትዋ ከግማሽ ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ሕዝቧ ግን ከግማሽ ሚሊዮን እምብዛም አይበልጥም ነበር። አብዛኛው ምድሯ የካላሃሪ በረሃ ነው። ከባድ ድርቅ ከብቱን ፈጅቶት ነበር። ከዚህም ሁሉ የሚያስገርመው እንግሊዞች አገሩን ያስተዳድሩ የነበረው ከአገሩ ውጪ፣ በደቡብ አፍሪቃ ውስጥ ካለችው ከማፌኪንግ ከተማ መሆኑ ነው። ስለዚህ አዲስ ዋና ከተማ ጋቦሮኔ ላይ ተቈረቈረች። ቦታዋ ከተመረጠበት ምክንያት አንዱ የማንም ነገድ ግዛት አለመሆኑ ነው።

የአለቆችና የሕዝብ ሥልጣን

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የነገድ አለቆች ጉዳይ ነበር። አለቆቹ መሬት ያድላሉ፤ ፍርድ ይሰጣሉ፤ ባለቤት የጠፋባቸውን ከብቶች ይወስዳሉ። እነርሱን በኀይል መሻር ጦርነት ማስነሣት ነው፤ እንደ ነበሩ መተው ደግሞ ባንድ አገር ውስጥ ብዙ መንግሥት ማቆም ነው። ሴሬትሴና ጓደኞቻቸው መካከለኛውን መንገድ ያዙ። አለቆቹ የሚመክሩበት የአለቆች ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ግን ለተመረጠው ምክር ቤት ብቻ ሆነ። በየአውራጃው ሕዝብ የመረጣቸው ምክር ቤቶች ቆሙ፤ ባለቤት የሌላቸው ከብቶችም ገቢ ለእነርሱ ተሰጠ። በ1968 በወጣው ሕግ መሠረት ከ1970 ጀምሮ መሬት የማደል ሥራ ከአለቆች ወጥቶ ለመሬት ቦርዶች ተላለፈ። ሸንጎው ግን አልተዘጋም። ሚኒስትሮች አዲስ ሕግ ሲያስቡ ወደየሸንጎው እየሄዱ ለሕዝቡ ማስረዳትና ወቀሳውን መስማት ልማድ አደረጉ።

አለቆቹ ሁሉ ይህን በደስታ አልተቀበሉም። የባንግዋኬትሴ አለቃ ዳግማዊ ባቶዌን በ1969 አለቅነታቸውን ለቀው ከተቃዋሚው ፓርቲ ጋራ ለምርጫ ቀረቡ። አያታቸው ከሴሬትሴ አያት ጋራ አብረው ለንደን የተጓዙት ቀዳማዊ ባቶዌን ናቸው። በካንዬ ከተማ የተወዳደሯቸው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ማሲሬ ሲሆኑ፣ ሕዝቡ አለቃውን መርጦ ማሲሬን ጣላቸው። በሌላ አገር ቢሆን ኖሮ የሣጥኑ ቍልፍ በሌሊት ይሰበር፣ ወይም አሸናፊው ይታሰር ነበር። በቦትስዋና ግን ውጤቱ እንዳለ ተነገረ፤ አለቃው በተቃዋሚነት ምክር ቤት ገቡ። ማሲሬም ሕገ መንግሥቱ በሚፈቅደው በልዩ ምርጫ ወንበር ተሰጥቷቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ አለቃ ከመንግሥት ጋራ ያለውን ክርክር በምርጫ ሜዳ ሊያደርገው እንደሚችል ሁሉም አወቀ።

የአልማዙ ነገር

በ1967 ኦራፓ በተባለ ስፍራ ታላቅ የአልማዝ ማዕድን ተገኘ። ስፍራው በባማንግዋቶ ግዛት ውስጥ ነበር። በቀድሞው ልማድ ከምድሩ በታች ያለው ሀብት የየነገዱ ስለሆነ፣ ባማንግዋቶዎች ባንድ ጊዜ ባለጸጎች፣ ሌሎቹ ነገዶች ግን ድኾች ሆነው በቀሩ ነበር። ካታንጋን ያስገነጠለው፣ ቢያፍራንም ያባባሰው እንዲህ ያለው ነገር ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የማዕድን ሕግ ግን የማዕድኑ መብት ሁሉ ከነገዶች ወጥቶ ለመንግሥት እንዲሆን ደነገገ። ሴሬትሴ ይህን ሲያደርጉ በመጀመሪያ የቀነሱት ከገዛ ወገናቸው ድርሻ ነው። ሌሎቹም ይህን አይተው ተከተሉ። በኋላም ከፍ ያለ አልማዝ በባንግዋኬትሴ ምድር በጅዋኔንግ ሲገኝ ማንም ነገድ የእኔ ነው ብሎ አልተነሣም። መንግሥትም ከኩባንያው ጋራ ባደረገው አዲስ ውል በ1975 የአልማዙን ድርጅት እኩሌታ ያዘ። ከዚህ በተገኘው ገንዘብ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት በየነገዱ አገር ተሠራ።

ሴሬትሴ በ1969፣ በ1974ና በ1979 ምርጫዎች እየተመረጡ አገራቸውን መሩ። ነጩ ደቡብ አፍሪቃና ሮዴዥያ በዙሪያቸው ሆነው ሳለ በአገራቸው ውስጥ የዘር ልዩነትን አልፈቀዱም። በሚያዝያ 1980 የደቡብ አፍሪቃ አካባቢ ነጻ አገሮች በሉሳካ ተሰብስበው የልማት ትብብር ሲመሠርቱ ከዋነኞቹ አንዱ ነበሩ። ሐምሌ 13 ቀን 1980 በካንሰር በሽታ ዐረፉ፤ በሴሮዌም ከአባቶቻቸው መካነ መቃብር ተቀበሩ። ማሲሬ ያለ አንዳች ሁከት ተተኩ። ወይዘሮ ሩትም እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2002 ድረስ፣ ከዚያች አገር አልወጡም።

ያልተፈጸመው ሥራ

የታላቅን ሰው ታሪክ ስንጽፍ ጉድለቱን መደበቅ አይገባም። ሕገ መንግሥቱ በአለቆች ምክር ቤት ውስጥ በመብታቸው የሚቀመጡትን የስምንት የጽዋና ነገዶች አለቆች ብቻ አደረገ። ካላንጋዎች፣ ዋዬዪዎች፣ ሳኖችና ሌሎችም እንደ ታናሽ ተቈጠሩ። አገሪቱን አንድ ለማድረግ ተብሎ በትምህርት ቤት ከሴጽዋናና ከእንግሊዝኛ በቀር የሌሎቹ ቋንቋ ቦታ አላገኘም። ስለዚህ አንድነቱ ለትልቁ ዘመድ ቤት፣ ለትንሹ ግን የደጅ ጥናት ሆነ። ዋዬዪዎች ነገሩን ለፍርድ ቤት አቅርበው በ2001 ተፈረደላቸው። ከካላሃሪ አደን ክልል የተነሡት ሳኖችም በ2006 ከሳሾቹ ያለ አግባብ መነሣታቸው ተፈርዶላቸዋል። ጉድለቱ ከባድ ነው፤ ነገር ግን የተጐዳው ወገን ጦር ሳያነሣ ለዳኛ አቤት ለማለት መቻሉ ያው የቀድሞው ሥራ ፍሬ ነው።

ደግሞም የካማ ቤት ፍቅር ከሕዝቡ ልብ አልጠፋም። በ1979 ባማንግዋቶዎች የሴሬትሴን ልጅ ኢያንን አለቃ አድርገው ሾሙ፤ እርሱም ኋላ ከ2008 እስከ 2018 ፕሬዚዳንት ሆነ። አባቱ የመሠረቱት ፓርቲም ለ58 ዓመት ያለ ማቋረጥ ገዛ። አንድ ፓርቲ ይህን ያህል ሲቈይ ምርጫው የስም ብቻ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። በጥቅምት 2024 ግን ፓርቲው በምርጫ ተሸነፈ። ፕሬዚዳንቱ ሽንፈታቸውን ወዲያው ተቀበሉ፤ በጥቂት ቀናትም ውስጥ አሸናፊው ዱማ ቦኮ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ጥይት አልተተኰሰም።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? የነገድ ፍቅር በሕግ የሚሰረዝ ነገር አይደለም፤ እናቱንና ቋንቋውን የሚወድ ሰው ሁሉ አለው። ክፋቱ የሚመጣው መሬቱ፣ ማዕድኑ፣ ዳኝነቱና ሹመቱ ሁሉ በነገድ በር ብቻ ሲያልፍ ነው። በዚያን ጊዜ ሰው ነገዱን የሚወደው ስለ ፍቅር ሳይሆን ስለ እንጀራው ይሆናል፤ ስለ እንጀራውም ይገድላል። ሴሬትሴ ካማ ነገዶቹን አልሻሩም፤ እንጀራውን ግን ከነገድ እጅ አውጥተው በሁሉ ገበታ ላይ አኖሩት። ይህንንም ሲያደርጉ ከሌላው ከመውሰዳቸው በፊት የራሳቸውን አልጋ ሰጡ፣ የወገናቸውንም አልማዝ ሰጡ።

እኛ ተማሪዎች ከየአውራጃው መጥተን ባንድ አግዳሚ ወንበር እንቀመጣለን። የክፍል አለቃ ስንመርጥ የአገራችን ልጅ ነው ብለን ነው ወይስ ለሥራው ይበቃል ብለን? ይህ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዛሬ በክፍል ውስጥ የለመድነውን ነገ በአገር ሸንጎ እናደርገዋለን። ወላጆቻችንና መምህሮቻችንም በዚሁ ነገር እንዲመክሩን እንለምናለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደተባለው ነውና፣ ድሩን የሚያስተሳስረው ሰው ከየት ይመጣል ብለን ከመጠበቅ ይልቅ እያንዳንዳችን እንደ ስማቸው የሚያጣብቅ ጭቃ ለመሆን እንትጋ።